ችግኝ ከመትከላችን በፊት አንድ ሜትር ፌሮ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ? በየክረምቱ ስለ ችግኝ ተከላ የምትጽፉትን እከታተላለሁ። ስንት ተተከለ፣ የት ተተከለ የሚለው ሁሌም አለ። የሚተከልበት አፈር ሥር ያስገባል ወይ የሚለው ግን ሲነሳ አላየሁም። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ሁለት ዓመትና ሁለት የአቮካዶ ችግኝ አጥቻለሁ።

ቤቴ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ከጓሮ ቡናና ጌሾ አለኝ፣ እነሱ ደህና ናቸው። ከበሩ አጠገብ የተከልኩት አቮካዶ ግን ክረምቱን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከረመና ጥቅምት ላይ ደረቀ። በዓመቱ ሌላ ተከልኩ፣ ያም እንዲሁ። ምስጥ ነው አልኩ፣ ችግኙ ነው አልኩ፣ ውሃ አንሶት ይሆናል ብዬ ጨማመርኩለት፤ ለካ በዚያ ይበልጥ እያፈንኩት ነበር። አንድ ቀን ጎረቤቴ እማማ በአጥሩ በኩል አዩኝና "ልጄ፣ እዚህ ላይ እኮ ነው ቤቱ ሲሠራ ሲኖትራኩ በጭቃ እየገባ አሸዋ ሲያራግፍ የከረመው" አሉኝ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ መኪናው አፈሩን ጠቅጥቆት ኖሯል። ከግንባታ የተረፈ ባለ 8 ሚሊ ፌሮ ነበረኝ። አንድ ሜትር ያህል ቆርጬ አንዱን ጫፍ በሞረድ አሾልኩት፣ ሌላውን ለእጅ እንዲመች አጠፍኩት፣ በየስንዝሩ ቀይ ቀለም ቀባሁት። በመዶሻ አይመታም፤ ቀጥ አድርጎ ይዞ በራስ ክብደት ቀስ ብሎ መጫን ነው። ቡናው ሥር ሁለት ስንዝር ተኩል ገባልኝ። ከበሩ አጠገብ ግማሽ ስንዝር ላይ እምቢ አለ። ቦታ እየቀያየርኩ አምስት ጊዜ ወጋሁ፣ አምስቱም ጊዜ እዚያው ጥልቀት ላይ ቆመ። ይሄን ልብ በሉ፣ ምክንያቱም ባሕር ዳር ጥቁር ድንጋይ የማይገኝበት ጓሮ የለም። ድንጋይ ከሆነ ቃ ብሎ እጅ ያነዝራል፣ ትንሽ ፈንጠር ብላችሁ ስትወጉ ያልፋል። የተጠቀጠቀ አፈር ግን ድምፅ የለውም፣ በቃ እየከበደ እየከበደ ሄዶ ይቆማል።

ጊዜው ወሳኝ ነው። ዋልካ አፈር ሚያዝያ ላይ በራሱ ድንጋይ ነው፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ ሊጥ ነው፤ ሁለቱም ያሳስታሉ። ዝናብ በጣለ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ አፈሩ ውስጡ እርጥብ ሆኖ እጅ ላይ ሳይለጠፍ ሲቀር ሞክሩት። የአፈር ባለሙያዎች አፈር ሲወጋ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚለካ ፔኔትሮሜትር የሚባል መሣሪያ አላቸው፤ ንባቡ 2 ሜጋፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲደርስ የአብዛኛው ተክል ሥር ወደፊት መሄድ ያቅተዋል። ፌሮው ቁጥር አይነግራችሁም፣ ተክል ጥሩ የያዘበትን ቦታ ካልያዘበት ጋር ለማወዳደር ግን ይበቃል።

ሌላው፣ ውሃ ቶሎ መስረጉን የሚያሳየው የጣሳ ሙከራ ነው። የኒዶ ጣሳ ክዳኑንም ቂጡንም ቆርጣችሁ አፈር ውስጥ ትንሽ ታስገቡና ሁለት ጣት ያህል ውሃ ትሞላላችሁ። የመጀመሪያው አፈሩን ለማርጠብ ነው፣ ሲሰርግ ደግማችሁ ሞልታችሁ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ቡናው ሥር ቡና ሳይፈላ አለቀ። በሩ ጋ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላም ውሃው ፊቴን እያሳየኝ ነበር።

በመጨረሻ የደረቀውን አቮካዶ ነቀልኩት። ሥሩ ስንዝር ሳይሞላ ወርዶ እንደ ክርን ታጥፎ ወደ ጎን ሄዷል። አፈሩም ሲፈነቀል እንደ ቂጣ እየተነባበረ ነው የሚነሳው። ከጤናማ አፈር ግማሽ ያህሉ አየርና ውሃ የሚይዝ ባዶ ቦታ ነው፤ በእርጥቡ ከባድ መኪና ሲሄድበት የሚጠፋው ያ ቦታ ነው፣ አብዛኛው ጉዳት ደግሞ የሚደርሰው ገና በመጀመሪያው ምልልስ ነው። ገበሬውም ከዚህ አላመለጠም። ሜጫ አጎቴ ማሳ ላይ ፌሮውን ስወጋው ማረሻ የሚደርስበት ጥልቀት ላይ ቆመ፣ ከዚያ በታች የተጠቀጠቀ ጠንካራ ንጣፍ አለ። ዘጌ ጫካ ውስጥ ግን፣ በገዳማቱ ሥርዓት መሬቱ ማረሻ ስለማያውቅ፣ ፌሮው ቅጠሉን አልፎ ዝም ብሎ ይሰምጣል።

እኔ በጋውን ቦታውን በድጅኖ ሰበርኩት፣ ፍግና ኮምፖስት አስገባሁበት፣ ማንም እንዳይረግጠው አጠርኩት። ክረምት ሲገባ ግብጦ ዘራሁበት፣ ሥሩ ጠልቆ ይወርዳልና። ባለፈው ሳምንት ፌሮው አንድ ስንዝር ተኩል ገባልኝ። አቮካዶውን ለመጪው ሰኔ አቆይቼዋለሁ።

የምለምናችሁ ይሄን ነው። ለቀጣዩ ክረምት ችግኝ ሳይታደል፣ አሁን አፈሩ እርጥብ እያለ፣ አንባቢዎቻችሁ ጓሯቸውን እንዲወጉ ንገሩልኝ። በተለይ ቤት በቅርቡ የሠራ ሰው፣ በተለይ በዳምጠው የተደመደመ መንገድ ዳር የሚተክል ማኅበር። ስንት ስንዝር ላይ እንደቆመባቸውም ለዚሁ ገጽ ይጻፉ፣ የሰፈሬ ሰዎች ሦስታችን መዝግበን ይዘናል።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ