ጉዳዩ፦ ከፋዩ (ለስላሳ ጸጉራም ሽፋኑ) የተላጠውን የዲር (አጋዘን የሚመስል የዚህ አገር የዱር እንስሳ) ቀንድ ይመለከታል

ለድርጅቱ ባለቤት፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ልጄ ያደነውን ዲር ጭንቅላት ከነቀንዱ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አድርገው እንዲሠሩልን ሰጥቼዎት ነበር። ሥራውን በስልክ የተነጋገርነው በአማርኛ ስለሆነ ቅሬታዬንም በአማርኛ ጽፌዋለሁ።

እዚህ ቴነሲ፣ ኦገስት መጨረሻ ላይ ለሦስት ቀን ብቻ የሚከፈት አደን እንዳለ እርስዎም ያውቃሉ። ቀንዱ ገና ከፋይ እንደለበሰ ዲር የሚገኘው በዚያ ሰሞን ነው። ሴፕቴምበር ከገባ ዛፍ ላይ እያሻሸ ከፋዩን ይገፍፈዋል። ልጄ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀስት የጣለው ዲር ይሄ ነው። አገር ቤት አጋዘን የምንለው ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፣ የዚህ አገሩ ግን በየዓመቱ ይጥለዋል። ስለዚህ ይሄ ቀንድ ተመልሶ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ከፋዩ ደም ሥር የሞላበት ቆዳ ነው። ደሙ ውስጡ ከቀረ ይበሰብሳል፣ ጸጉሩም ይረግፋል። ይህን ስለማውቅ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪዘር አስገባሁት። ልጄ ሊዳብሰው ሲል እንኳ ተቆጥቼዋለሁ። በረዶ እንደሆነ አምጥቼ በእጅዎ አስረከብኩ።

አቀዝቅዞ በሚያደርቅ ማሽን (ፍሪዝ ድራየር) ይሠራልኝ ብዬ ጠይቄዎት ነበር። «ወጪ አታብዛ፣ መርፌው ይበቃል» አሉኝ። የቀንዱን ጫፎች ወግተው፣ ከሥሩ በደም ሥሮቹ በኩል መድኃኒቱን እየገፉ፣ ደሙ በጫፉ እስኪወጣ እንደሚሠሩት አስረዱኝ። አምኜ 650 ዶላር ከፈልኩ።

ፌብሩዋሪ ላይ ስረከብ ያምር ነበር። ሜይ ላይ ልጄ ክፍል ውስጥ ሽታ መጣ። አይጥ የሞተ መስሎን አልጋውን ሁሉ አነሳን። ኋላ ላይ የግራው ቀንድ ከፋይ ሲላጥ አየን። ከሥሩም ትንንሽ ትሎች ወጡ።

ሌላ ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩት። ቀኙ ላይ የመርፌው ቀዳዳዎች ይታያሉ፣ ቆዳውም ጠንካራ ነው። ግራው ላይ አንድም ቀዳዳ የለም። ሲከፈት ውስጡ ጥቁር የደረቀ ደም ነው። አንዱ ተሠርቷል፣ አንዱ ተረስቷል።

ስደውልልዎት «ቤታችሁ ስለሚሞቅ ነው» አሉኝ። ሁለቱም ቀንዶች አንድ ግድግዳ ላይ፣ አንድ ጭንቅላት ላይ ነው የከረሙት። ሙቀቱ ግራውን ብቻ መርጦ አያበላሽም። በጣም ያዘንኩት በዚህ መልስ ነው። ስህተት ማንም ይሠራል፣ ግን መጥተው ሳያዩት ጥፋቱን እኛ ላይ ጣሉት።

እንዲደረግልኝ የምጠይቀው፣ የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስ ነው። ካልሆነም የተላጠው ተነስቶ በሌላ ባለሙያ ሰው ሠራሽ ከፋይ እንዲለብስ ወጪውን ይሸፍኑ። እርስዎ ዘንድ ተመልሶ እንዲሠራ አልፈልግም።

ሌላው ደግሞ፣ ቀኙ ላይ የወጉትን መድኃኒት ስም በጽሑፍ ይላኩልኝ። ፎርማሊን (ፎርማልዴሃይድ ያለበት ፈሳሽ) ከሆነ ማወቅ አለብኝ። ፎርማልዴሃይድ ካንሰር አምጪ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 አስታውቋል፣ ጭንቅላቱ ደግሞ የተሰቀለው ልጄ ከሚተኛበት አልጋ በላይ ነበር። አሁን አውርደን ጋራዥ አስገብተነዋል። ለዚህኛው መልሱን በዚህ ሳምንት እጠብቃለሁ።

ለገንዘቡ ሁለት ሳምንት እታገሳለሁ። ካልሆነ ፎቶዎቹንና ደረሰኙን ይዤ ለቴነሲ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጉዳይ ክፍል አመለክታለሁ። የተላጠውን ከፋይ በፕላስቲክ አሽጌ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ማየት ከፈለጉ ቤቴ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ደንበኛዎ
ናሽቪል