ሴሚኮለን የረሳች ተማሪ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ሳስተምር ስድስት ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼን ሚድ ሳርም አንዷ ልጅ ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮዷን በእስክሪብቶ አሳምራ ጽፋለች። አንድ ሴሚኮለን ብቻ፣ በትእዛዝ መጨረሻ የምትቀመጠውን (;) ምልክት፣ ረስታለች። የማረሚያ ወረቀቱ ሁለት ማርክ ይቀነስ ይላል፤ ቀነስኩ። ኮምፒውተር ላይ ብትሠራው ኖሮ ስህተቱ ያለበትን መስመር ማሽኑ ራሱ ይጠቁማት ነበር። እኔም ተማሪ ሳለሁ በዚሁ ተቀንሶብኝ መምህሬን ረግሜያለሁ። አሁን ተረኛው እኔ ነኝ።

ኮምፒውተር ላይ እንዳንፈትን የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ (ላብ) የለም ይባላል። ከ30 ኮምፒውተሮቻችን የሚነሱት 19 ናቸው፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ አንድም። ቢሆንም አምና በአንድ ኮርስ ፋይናሉን በፕሮጀክት ተካሁት። ተማሪው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ለአሥር ደቂቃ የሠራውን ያስረዳኛል። ከጓደኛው ወይም ከቻትጂፒቲ የገለበጠ እዚያው ይታወቃል። በወረቀት ፈተና ከ30 11 ያመጣ አንድ ልጅ ለአጎቱ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ሠርቶ መጣ። አንዷን የመቀነስ ምልክት ወደ መደመር ቀየርኩና «አሁንስ?» አልኩት። ሳቀ። «ቲቸር፣ እንዲህ ከሆነማ ሰው በከፈለ ቁጥር ዕዳው ሊጨምር ነው!»

በፓሪስ በ2013 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ፎርቲ ቱ የተባለው ትምህርት ቤት መምህር የለውም፤ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ኮዳቸውን ይተራረማሉ። እዚያ ድረስ እንሂድ አልልም፤ እንጀራዬ ነው። ግን ተማሪዎቼ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲን የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ፣ ሲኤስ ፊፍቲን፣ በነፃ አውርደው ዶርም ውስጥ በፍላሽ ይቀባበላሉ። የመንግሥትን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች የኦንላይን ሥልጠና ሰርተፊኬት ይዘው የሚመጡም አሉ። ለዚህ ሁሉ ግማሽ ክሬዲት እንኳን አንሰጥም።

ባልደረቦቼ «መውጫ ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ፕሮጀክት ምን ይሠራል?» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም፤ እኛም የምንጠየቀው ስንት ተማሪ አሳለፋችሁ ተብለን ነው። ፈተናው ግን የሚሰጠው ኮምፒውተር ላይ ነው። ልጆቹ ከማሽኑ ፊት ተቀምጠው ሀ፣ ለ፣ ሐ ከሚመርጡ፣ የሚሠራ ኮድ የሚጽፉበት አንድ ክፍል ቢጨመርስ? ትምህርት ሚኒስቴር ይህችን ብቻ ቢያደርግ የኛ የክፍል ፈተና ሳይወድ በግዱ ይቀየራል።

የልጅቷን ሁለት ማርክ መልሼላታለሁ። ዲፓርትመንቱ ከጠየቀኝ ይህንን ደብዳቤ አሳያለሁ።

አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር