ቅዳሜ ከፖሊስ ጋር ስላለን ስብሰባ

ሰላም ጎረቤቶች፣ ቅዳሜ 9 ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ከፖሊስ ኃላፊዎች ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፣ እባካችሁ ማንም እንዳይቀር። ስንደውል የሚያነሳ የለም፣ ቢመጡም ሌባው ከሄደ በኋላ ነው። ባለፈው ሱቋ የተሰበረባት እህታችን እስኪነጋ በሩ ላይ ጋቢ ደርባ ነው የጠበቀችው፣ አንጀቴን በላችኝ። ዋናው መንገድ ጨለማ ነው፣ ሱቁ እየተዘጋ ወጣቱም እየለቀቀ ነው እኮ!

የደወላችሁበትን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ፣ አመልክታችሁ ከሆነ የመዝገብ ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ፣ በደፈናው "ሌባ በዛ" ካልን በደፈናው ነው የሚመልሱልን። መጀመሪያ የማታ ፓትሮል እንጠይቅ ወይስ የመንገድ መብራት? እኔ ፓትሮሉ ይቅደም ባይ ነኝ። የምትመጡም የማትመጡም ሀሳባችሁን ጨምራችሁ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱልኝ።