የልጆች ጽሑፍ አንባቢ ያስፈልገዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩ እንደመሆኔ፣ ስለ ልጆች ንባብና ጽሕፈት ያለኝን ሐሳብ ለአንባቢዎቻችሁ እንዳካፍል ትፈቅዱልኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በብዙ ክፍሎች ጽሕፈት የሚባለው ትምህርት ከሰሌዳ መገልበጥና የቃል ጽሕፈት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱም እጅንና ጆሮን ያለማምዳሉ፤ ልጁ ግን የሚናገረው ነገር ይኑረው አይኑረው አይጠይቁትም። ድርሰት በሚታዘዝበትም ጊዜ ርእሱን የሚመርጠው መምህሩ፣ የሚያነበውም እሱው ብቻ ነው፤ የሚያነበውም ሊያርም እንጂ ልጁ ያለውን ሊሰማ አይደለም።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት እኔም ይህንኑ ስላጠፋሁ ነው። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ «ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ ማንም አላማከረኝም» ብላ የጀመረችውን ግማሽ ገጽ ጽሑፍ አምጥታ ሰጠችኝ። የተሳሳቱትን ቃላት ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬ መለስኩላት፤ ስለ ወንድሟ ግን አንድም ነገር አልጠየቅኋትም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አልጻፈችልኝም። እነዚያ ዓረፍተ ነገሮች ስሕተት አልነበረባቸውም፤ ከእኔ የተማረችው ነገር ቢኖር የማያሳስታትን ቃል ብቻ መርጣ መጻፍ ነበርና።

ፈረንሳዊው መምህር ሴሌስታን ፍሬኔ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባውን ቆስሎ ስለነበር፣ ክፍል ውስጥ ለረጅም ሰዓት ድምፁን ከፍ አድርጎ ማስተማር ይከብደው ነበር። ስለዚህ ልጆቹን ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲመለሱም ያዩትን ራሳቸው ይናገራሉ። በ1924 እ.ኤ.አ. አንድ ትንሽ ማተሚያ ወደ ክፍሉ አስገባ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ በየግላቸው ያሻቸውን ጽፈው ለጓደኞቻቸው ያነባሉ፣ ከተነበቡት መካከል አንዱን በድምፅ ብልጫ ይመርጣሉ፣ በጋራ አርመውም ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ ደርድረው ያትማሉ፤ የታተመውን ደግሞ በሌላ አካባቢ ላለ ትምህርት ቤት ልከው የዚያን ትምህርት ቤት ልጆች ጽሑፍ ይቀበላሉ። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ማተሚያው አይደለም። እርማት ቅጣት መሆኑ ቀርቶ፣ ሩቅ ያለ አንድ ልጅ ያለ ችግር አንብቦ እንዲገባው የሚደረግ ዝግጅት መሆኑ ነው።

ለዚህ ዛሬ ማተሚያ አያሻንም። አንድ ወረቀት ስምንት ቦታ ታጥፎ መሐሉ ላይ አንድ ጊዜ ቢቀደድ፣ ሽፋኑን ጨምሮ ስምንት ገጽ ያላት መጽሐፍ ይወጣዋል። ልጁ ስሙን ሽፋኑ ላይ ጽፎ በክፍሉ መደርደሪያ ላይ ሲያኖራት፣ ጓደኞቹም ተውሰው ሲያነቧት፣ ያልተነበበለትን ቃል ማንም ሳያዝዘው ያስተካክላል። የሚጽፈው ለጠፋበት ልጅ ደግሞ ጣሊያናዊው የልጆች ደራሲ ጂያኒ ሮዳሪ ይጠቀምበት የነበረው ዘዴ አለ፤ እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት ቃላት ይሰጡትና የሚያገናኛቸውን ታሪክ ራሱ ይፈልጋል። ንባቡም ከዚህ አይለይም። መምህሩ አንድ ታሪክ ጮክ ብሎ እያነበበ ወሳኝ ቦታ ላይ ቢያቆምና ልጆቹ የቀረውን ጽፈው ከደራሲው ጋር ቢያስተያዩ፣ መጽሐፍ የሰው ሥራ እንደሆነና በሌላ መንገድም ሊጻፍ ይችል እንደነበር ይረዳሉ።

እንዲህ ከሆነ ልጆቹ ስሕተትን ይለምዳሉ የሚል ሥጋት ከባልደረቦቼ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሥጋቱንም አልንቀውም። ይሁን እንጂ ልጅ ያልተማረውን ቃል በራሱ ለመጻፍ ሲታገል፣ ቃሉን በአፉ እየደጋገመ ድምፅ በድምፅ ይለያየዋል፤ ይህም ለንባብ የሚያስፈልገው ሥራ ራሱ ነው። እርማቱ አይቅር፤ ሐሳቡ ወረቀት ላይ ካረፈ በኋላ ይምጣ፣ በአንድ ጊዜም አንድ ወይም ሁለት ነገር ላይ ብቻ ያተኩር።

ስለሆነም የዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር እለምናለሁ። በየሳምንቱ ከአንድ ገጽ ጥግ ላይ ጥቂት መስመሮች ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ጽሑፍ ቢተውላቸው፣ የፊደል ግድፈቱ ከልጁ ጋር ተመክሮበት ቢታረም፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ልጁ እንዳለው ቢታተም።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር