ጉዳዩ፦ «መጥተን በር ተዘግቶብን ተመለስን» የተባለውን ይመለከታል

ደሴ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ለአባቴ ከእናንተ የገዛሁት፣ የአልጋ ቁስል የሚከላከለው የአየር ፍራሽ ሞተሩ መቆሙ፣ ዋስትናው ገና አለማለቁና አምስት ጊዜ መደወሌ መዝገባችሁ ላይ ስላለ አልደግመውም። የምጽፈው ስለ ማክሰኞ ነው።

ሰኞ ማታ ሠራተኛችሁ «ነገ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለሙያ ይመጣል፤ ከቤት እንዳይወጡ» አለችኝ። አልወጣሁም። ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወሰድኩ፤ ቤቱ እንዳይጠፋው ታናሽ ወንድሜን ጃንጥላ አስይዤ አስፋልቱ ዳር አቆምኩት። እናቴ ለእንግዳው ብለው ያፈሉት ቡና በረካው ሳይቀር አለቀ። 6 ሰዓት ላይ ስደውል አንድ ወንድ አነሣና «ሐረጎ ላይ ጉም ስለነበረ መኪናው ከኮምቦልቻ አልወጣም» አለኝ። ከኮምቦልቻ ደሴ መንገድ ላይ ያለውን የሐረጎን ዳገት የክረምት ጉም የማያውቅ ደሴ ውስጥ የለም፤ አመንኩት፣ እንዲያውም አዘንኩለት። 9 ሰዓት ላይ ግን ያችው ልጅ ደውላ «ባለሙያችን መጥቶ ቢያንኳኳ የሚከፍትለት አጥቶ ተመልሷል፤ ዳግመኛ እንዲመጣ የትራንስፖርት 800 ብር ይክፈሉ» አለችኝ።

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ጉሙ ከልክሎት ከሆነ በራችንን አላንኳኳም፤ በራችንን አንኳክቶ ከሆነ ጉሙ አልከለከለውም። በሩ ደግሞ ቆርቆሮ ነው፤ ድመት ስትዘልበት እንኳ ጎረቤት ይነቃል። ይህንኑ ብነግራት «ፍራሽ እኮ ነው፣ ጥቂት ቀን በተራ ፍራሽ ቢተኙ ምን ይሆናሉ?» አለች።

ምን እንደሚሆኑ ልንገራችሁ። አባቴ 84 ዓመታቸው ነው፤ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከያዘው ወዲህ በራሳቸው መገላበጥ አይችሉም። ሞተሩ ከቆመ ጀምሮ ከእናቴ ጋር በየ2 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ እናገላብጣቸዋለን። እናቴም 76 ዓመት ሆኗቸዋል። ትናንት ጠዋት ከአባቴ ወገብ ዝቅ ብሎ፣ አጥንቱ ላይ፣ የቀላ ነገር አየሁ። በጣቴ ብጫነው መቅላቱ አይለቅም። የአልጋ ቁስል አጀማመሩ እንዲህ ነው፤ ፍራሽ የምትሸጡ ሰዎች ይህን ከእኔ መስማት አልነበረባችሁም። እሳቸው ግን መኪና በሰሙ ቁጥር «መጡ መሰለኝ» ይላሉ።

ሚያዝያ ላይ ፍራሹ 8 ቀን ዘግይቶ ሲመጣ፣ ጫኞቹም ከበር አናልፍም ብለው መንገድ ላይ ጥለውት ሲሄዱ ዝም ብዬ ነበር። መመሪያው በቻይንኛ ብቻ መሆኑንም በዝምታ አልፌዋለሁ። ጥፋቱ ምናልባት የእኔ ዝምታ ነው።

እስከ ቅዳሜ ሞተሩ ይቀየርልኝ፤ የተጠገነ አይደለም፣ አዲስ። 800 ብር የሚባል ነገር ዳግመኛ አልስማ። ልጅቷም ይቅርታ ትጠይቅ፣ እኔን ሳይሆን አባቴን። ቅዳሜ ካለፈ ሞተሩንም አልፈልገውም፤ ሙሉ ገንዘቤ ይመለስ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ የሸማቾች ጥበቃውን አዋጅ ቁጥር 813/2006 እና ደረሰኛችሁን ይዤ ከከተማው ንግድ ቢሮ ደጃፍ ታገኙኛላችሁ።

ባለሙያው ከመጣ በሩን ጠንከር አድርጎ ይምታ። ቤት ነን፤ የትም አንሄድም።

ከአክብሮት ጋር
ስሟ ደረሰኙ ላይ ያለው ደንበኛችሁ