ለወንድሜ፣ ስላማረኝ ሳጥንና ስለ ቤቱ ኔትወርክ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ የቤትህ ሰዎች ሁሉ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። ከተጠፋፋን በጣም ቆየን፤ ናፍቀኸኛል። ደውዬ "አለህ ወይ?" ብዬ ብቻ ከምዘጋው ተቀምጬ በደንብ ልጻፍልህ ብዬ ነው። የማጫውትህ ነገርም አለኝ፤ ይህን ወሬ እንዳንተ ወድዶ የሚሰማኝ የለም።

አንድ ዕቃ አምሮኛል። ናስ (NAS) የሚሉት፣ ሃርድ ዲስክ የሚገባበት፣ ከራውተር ጋር በኬብል የሚገናኝ ትንሽ ሳጥን ነው። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው። አንድ ጥግ ተቀምጦ ሌት ተቀን ይሠራል። ቤት ውስጥ ያለ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ፋይሉን እዚያ ያስቀምጣል፣ ሲፈልግም ከዚያ ያወጣል። የእኛ ቤት ፎቶ ተበታትኗል። ከፊሉ ስክሪኑ በተሰበረ ስልክ ውስጥ ነው፣ ከፊሉ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ፣ የቀረው የት እንደገባ በማይታወቅ ፍላሽ። ልጆቹ ሕፃን ሳሉ የተቀረጸው ቪዲዮ ያለው አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ያ ዲስክ ጠቅ ጠቅ ባለ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ስለዚህ ሁለት ዲስክ የሚይዘውን ነው የምፈልገው። አንዱ የሌላውን ግልባጭ ስለሚይዝ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። እርግጥ ይሄ ብቻውን ባክአፕ አይሆንም፤ በስህተት ያጠፋኸው ፋይል ከሁለቱም ይጠፋል። ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ተጨማሪ ቅጂ የግድ ነው።

ከመግዛቴ በፊት ግን መስመሩ ይችለው እንደሆነ ማየት ፈለግሁ። አንድ ትልቅ ቪዲዮ ከዴስክቶፑ ወደ ላፕቶፑ ላክሁ። ሁለቱም በኬብል ከራውተሩ ጋር የተያያዙ ናቸው። ፍጥነቱ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ንቅንቅ አላለም። ፍንጩን የሰጠኝ ቁጥሩ ራሱ ነው። ከፍ ዝቅ ቢል ኖሮ ዲስኩን እጠረጥር ነበር። 11 ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ግን የ100 ሜጋቢት መስመር ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ 100 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ይሆናል፤ ለመላላኪያው የሚወጣው ሲቀነስለት 11 ከምናምን ይቀራል። ራውተሩም ሁለቱ ኮምፒውተሮችም ደግሞ ጊጋቢት፣ ማለትም 1000 ሜጋቢት የሚችሉ ናቸው። ፋይሉ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ መሄድ ነበረበት።

ሰው ቶሎ የሚመክርህ "ራውተሩን ቀይረው" ብሎ ነው። እኔ ኬብሎቹን አቀያየርኩ። የላፕቶፑን ኬብል ነቅዬ ለዴስክቶፑ ሰጠሁት። ዴስክቶፑ ወዲያው 1 ጊጋቢት ማሳየት ጀመረ፤ ላፕቶፑ በተራው ወደ 100 ወረደ። ችግሩ ያለው ኬብሉ ላይ ነው ማለት ነው።

ጫፉን ብርሃን ላይ ይዤ አየሁት። በዚያ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ይታያሉ፣ አራት ጥንድ። ሰባቱ እስከ ጥግ ገብተዋል። ከዳር ያለችው ቡናማዋ አጥራ ብረቱ ሥር አልደረሰችም። አየህ፣ 100 ሜጋቢት የሚሠራው በሁለት ጥንድ ብቻ ነው፣ በብርቱካናማውና በአረንጓዴው። ጊጋቢት አራቱንም ይፈልጋል። አንዷ ሽቦ ስትጎድል ብዙዎቹ መሣሪያዎች ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ። ኢንተርኔቱ ይከፈታል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ማንም አይጠረጥርም። ጭራሽ የተበጠሰ ኬብል ይሻላል፤ እሱስ በዕለቱ ይታወቃል።

ጫፉን ቆርጬ አዲስ ኮኔክተር ገጠምኩለት። ያው ቪዲዮ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ሄደ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ያንተስ ዋይፋይ እንዴት ሆነ? መኝታ ቤት ሲደርስ ይቆራረጣል ብለኸኝ ነበር፣ አዲስ ራውተር ልትገዛም አስበህ ነበር። እስካሁን ካልገዛህ ትንሽ ቆይ። ሲቋረጥ መጀመሪያ ራውተሩን ራሱን ፒንግ አድርግ፣ ማለትም ከኮምፒውተርህ "አለህ ወይ?" የሚል ትንሽ መልእክት ላክለት፤ ብዙ ጊዜ አድራሻው 192.168.1.1 ነው። እሱ ሳያቋርጥ ከመለሰልህ ዋይፋዩ ደህና ነው፣ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ቀጥለህ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የጉግልን አድራሻ 8.8.8.8ን ሞክር። እሱም እየመለሰ ድረ ገጽ እምቢ ካለህ ዲኤንኤሱን፣ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠውን፣ እይ። የኮምፒውተርህ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው።

ራውተሩ ራሱ የማይመልስ ከሆነ ቦታውን ቀይርለት። ከቴሌቪዥን ኋላ አውጣውና ከፍ ያለ ቦታ፣ ቤቱ መሀል አስቀምጠው። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሞገዶች 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። 2.4 ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ችግሩ የጎረቤቱም ዋይፋይ ማይክሮዌቩም እዚያው ላይ መሆናቸው ነው። የ2.4ን ቻናል ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱ ላይ አድርገው፤ እርስ በርስ የማይነካኩት እነሱ ናቸው። አሮጌ ራውተር ለማራዘሚያ የምትጨምር ከሆነ የሱን ዲኤችሲፒ፣ ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለውን፣ ማጥፋትህን አትርሳ። ሁለቱም አድራሻ ማደል ከጀመሩ ቤቱ ይታመሳል።

አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። አንተ ሥራ ቦታ እንዲህ ያለውን ሳጥን ለረጅም ጊዜ ተጠቅመሃል። ድምፁ እንዴት ነው? ሳሎን ባስቀምጠው ሌሊት ይረብሻል ወይስ ይለመዳል? ዲስኮቹንስ አንድ ዓይነት ልግዛ ወይስ ከተለያየ ፋብሪካ ላድርጋቸው? መልስህ ሳይደርሰኝ አልገዛም፤ ስለዚህ አታዘግይብኝ። የፒንጉንም ውጤት አብረህ ላክልኝ።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የሚወድህ ወንድምህ