ለትምህርት ሚኒስቴር፦ የምሩቃን መዝገብ ከተሸላሚዎች ባሻገር እንዲዘልቅ

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ስመ ጥር ምሩቃን ሲነሡ ቀድሞ የሚጠራው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ነው፤ የሚገባቸውም ክብር ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ከያኔው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተመርቀው፣ በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው፣ ለሱዳን ድርቅ የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ አውጥተዋል። አቀንጭራ የተባለው የማሽላ ጥገኛ አረም የሚበቅለው ከማሽላ ሥር የሚመነጨውን ኬሚካል ተከትሎ በመሆኑ፣ ይህን ኬሚካል እጅግ ጥቂት የሚያመነጩ ዝርያዎችን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር አዳቅለው ለገበሬ አድርሰዋል። የ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጣቸውም በማሽላ ላይ ለሠሩት ሥራ ነው።

የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ግን ያልተሸለሙት ናቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣውን «ቁንጮ» ጤፍ የማያውቅ ጤፍ አብቃይ ጥቂት ነው፤ የአንዱን ወላጅ ዝርያ ምርታማነት ከሌላው ንጣት ጋር ያጣመረ ዝርያ ነው። የጤፍ አበባ ደቃቅ ከመሆኗም በላይ የምትከፈተው ማለዳ ለአጭር ጊዜ ስለሆነ፣ በማጉያ መሣሪያ እያዩ በእጅ ማዳቀል ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ባለሙያዎች ከየትኛው ኮሌጅ፣ መቼ እንደተመረቁ ከሙያው ሰዎች ውጭ የሚያውቅ እምብዛም የለም።

የምሩቃን ክትትል ጥናት በአብዛኛው የሚጠይቀው ተመራቂው ሥራ ማግኘቱንና ለማግኘት የወሰደበትን ጊዜ ነው፤ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምን ሠርቶ እንዳለፈ አይጠይቅም። ስለዚህ ሚኒስቴሩ እያንዳንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምሩቃኑን የትምህርት መስክ፣ የምረቃ ዓመት፣ የሠሩባቸውን ቦታዎችና ዋና ዋና ሥራዎቻቸውን፣ በፈቃዳቸው፣ የሚመዘግብበት መመሪያ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። መመሪያው የባለቤትነትንም ነገር ቢወስን መልካም ነው፤ ዓለማያ በ1973 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) አካል ስለነበር አንድን ምሩቅ ሁለት ተቋማት የእኛ ነው ቢሉ ሁለቱም እውነት አላቸው። (በሽልማት ጊዜ ባለቤቱ እንደሚበዛ የታወቀ ነው።)

ምዝገባው ከቀደሙት ተመራቂዎች ቢጀመር ይሻላል፤ የወጣቶቹን መረጃ ከሬጅስትራር ማግኘት ይቻላል፣ የአረጋውያኑን የሥራ ታሪክ ግን ከራሳቸው አንደበት በቀር የምናገኝበት ሌላ ቦታ አይኖርም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የግብርና ምሩቅ